የኢትዮጵያ እድር ድንኳን

ሲያልቅ አያምር ነውና ኢትዮጵያ እድር ሲፈርስ ብረት ድስቱ ለሁለት ተከፈለ። አግዳሚ ወንበሩ፣ ሳህኑ፣ ጭልፋው ሳይቀር ለሁለት ተከፈለ። ስሙ ግን የሚከፈል ነገር አልነበረምና ሁለቱም ወገን የእኔ ነው ብሎ ሙጥኝ አለ። ስሙ ደግሞ እንዲሁ ስም አይደለም። ድንኳኑ ላይ ክንድ በሚያክል ፊደል የተጻፈው እሱ ነው፤ የዕቃ ቤቱ ቦታ የተመራውም በእሱ ነው። ስሙን የያዘ ሁሉንም ይዟል።

የሸዋ ሮቢቱ ማሾ ነጋዴ ከቢር በዚህ ክርክር አንጀቱ አሯል። ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀሩት እሱና ጎረቤቱ አበራሽ፣ ባለ ምግብ ቤቷ፣ ብቻ ናቸው። የዛሬ አርባ ዓመት እድሩ ሲቋቋም አንዱ «ሚካኤል እንበለው» ሲል ሙስሊሙ ፊቱን አዞረ። ሌላው «ይፋት ይሁን» ሲል ከደጋ የመጣው አጉረመረመ። በመጨረሻ አበራሽ ማንም ለብቻዬ የማይለውን ስም አውጡለት አለችና ኢትዮጵያ ተባለ። በቃ፣ ትርጉሙ ይኸው ነበር። ድንኳኑንም ጣርማ በርን ተሻግረው ሄደው ያሰፉት፣ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጠውበት ያመጡት ሁለቱ ናቸው። በሳቅ የጀመሩት ነገር በኋላ ቃል ኪዳን ሆነ፤ ቀድሞ የሞተውን የቀረው በዚያ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ሊያለቅስለት ተማማሉ።

ከዚያ ያ የተኩስ ሰሞን መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ሰው ጎረቤቱን በጎሪጥ አየ፣ እድሩም ክርስቲያንና ሙስሊም ተባብሎ ተሰነጠቀ። የክርስቲያኖቹ ሊቀመንበር መምህር እዮኤል ስሙ በመጽሐፋችን ተጽፏል አለ። የሙስሊሞቹ ሊቀመንበር ሳሊም የነቢዩ ባልደረቦች የተጠለሉት እዚሁ አገር ነው፣ ከእኛ ወዲያ ባለቤት ማን አለ አለ። ዕድሜ ደጉ ስንቱን ያሳያል! እድሩ ሲቋቋም ሁለቱም አልተወለዱም። አንድ የተማረ ሰው ተነሥቶ ቃሉ በግሪክኛ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት እንደሆነ ሲያስረዳ፣ ከቢር በሮቢት ፀሐይ ታዲያ ማን ሊቀር ነው ብሎ ጠየቀ። የሳቀችለት አበራሽ ብቻ ነበረች።

ስምምነት ሲጠፋ ድንኳኑ የተቀመጠበት ዕቃ ቤት በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። የአንዱ ቁልፍ እዮኤል ጋ፣ የሌላው በሙስሊሞቹ በኩል ከቢር ጋ ሆነ። ነገሩ በዳኝነት እስኪቆረጥ ድረስ ለሌላው ወገን የከፈተ ስሙን አሳልፎ እንደሰጠ ይቆጠራል፣ ከመዝገብም ይሰረዛል ተባለ።

በግንቦት አበራሽ ሞተች።

ልጇ ዮርዳኖስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከቢር ደጅ ቆመች። ቃል ኪዳኑን ታውቃለች። ከቢር ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ወሬው ቀድሞት ኖሮ ሳሊም ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ለእነሱ ከከፈቱ ነገ ስሙ የእነሱ ነው ይባላል። እንሰርዝዎታለን፤ በኋላ እንዳይቀየሙን።»

«አበራሽ እነሱ አይደለችም» አለ ከቢር። «አበራሽ ናት።»

ጓጉንቸሩን ከፈተ። ሳሊም እንደ ዛተው እዚያው ቆሞ መዝገቡን ገለጠና በከቢር ስም ላይ መስመር አሰመረ። ከቢር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እዮኤል የራሱን ጓጉንቸር ለመክፈት ደቂቃ አልፈጀም፤ ያ ፍጥነቱ ግን ከቢርን ደስ አላለውም።

ድንኳኑ በአበራሽ ደጅ ተተከለ። ሸራው ሳስቷል፤ ፊደሉ ግን አልደበዘዘም። ከቢር በመግቢያው በኩል፣ ልክ ከስሙ ሥር፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ከጠዋት ጀምሮ የታገለውን እንባ ለቀቀው። ደረቱ ቀለል ማለት ሲጀምር አንድ ሰው ትከሻውን ነካ አደረገው። እዮኤል ነው። ስልኩን ይዟል።

«ጋሽ ከቢር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለዳኞቹ የሚቀርብ ፎቶ ላነሣ ነበር፤ ድንኳኑ ለእኛ ለቅሶ እንደወጣ ማስረጃ ይሆናል። እርስዎ ከሥሩ ካሉበት ነገር ያበላሽብናል። ትንሽ ዞር ቢሉልኝ።»

ከቢር ቀና ብሎ አየው። የአርባ ዓመት ነገር አፉ ድረስ መጣና ተመለሰ። አበራሽ ሬሳ ሆና ቤት ውስጥ ተኝታ እሱ ደጇ ላይ ጠብ ሊያነሣ ነው? ተነሣ። እዮኤል በትሕትና ትንሽ ይጨምሩ አለው። ጨመረ። ከገመዱ ወዲያ ፀሐዩ ላይ እስኪቆም ድረስ ጨመረ። ፊደሉን በነጠላቸው የጋረዱትም ሴቶች ወደ ጎን እንዲሉ ተደረገ፤ ሙሾ አውራጇ ግጥሟን ከመሃል አቋርጣ ተነሣች። ዮርዳኖስ ይህን አየች፣ ከቢርንም አየችው፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከቢር ለአበራሽ ያለቀሰላት ውጭ ቆሞ ነው። አስከሬኑ ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነሣም ወደ ድንኳኑ አልተመለሰም።

ፎቶው ጥሩ ወጣ አሉ። ስሙ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። ሰው ግን አንድም አይታይበትም።