የተዘጋ ድምፅ

ልጄ ቲና ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ድምጿ ተዘግቶ ገባች። "ላይብረሪ ነበርኩ" አለችኝ። ላይብረሪ ገብቶ የሚጮኸው ደግሞ ማነው? ጉንጯ ላይ ቀይ ቀለም ነገር አለ። ወንድ አለ ብዬ ጠረጠርኩ።

ባሌ ቢራቱም ድምፁ ተዘግቶ ነው የገባው። እሱ ግን ስካይላይን ሰፈር፣ የጸሎት ቡድኑ ጋ ነው የዋለው። እኛ ቸርች ሲጸልይ ድምፁ የተዘጋ ሰው ይከበራል። ለእሱ ሻይ በማር አቀረብኩለት፤ ወደ እሷ ዞርኩና፣

"እውነቱን ተናገሪ!" አልኳት።

"ኦኬ ማሚ፣ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲው ጋ ፉትቦል ጌም ነበርኩ፤ ጉንጬን የተቀባሁት የቡድናችንን ቀለም ነው። አሸነፍን! ማንም አልጠበቀም እኮ! የማላውቀው ሰው ሁሉ አቀፈኝ፤ አለቀስኩ።"

"ለኳስ ነው የምታለቅሺው? ከማን ጋር ነበርሽ?"

ቲና ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ቢራቱ ሻዩን ፉት አለና፣ "ተያት በቃ ፅጌ፤ ያንን የመጨረሻ ደቂቃ ያየ እንኳን ሰው ድንጋይም ይጮሃል" አለኝ።

ጠጋ ብዬ ጆሮውን ገለጥ አደረግኩት። ከኋላው ቀይ ቀለም አለ።

ሻዩን ከእጁ ወስጄ ለቲና ሰጠኋት። እሷ ያሳበበችው በላይብረሪ ነው፤ እሱ በጌታ።