የቢሆነኝ የቀይ ሥር ቤት

ቢሆነኝ ቀይ ሥር ማብቀል አቅቶት አያውቅም። ያቃተው ማቆየት ነበር። ከላሊበላ በላይ፣ ደጋው ላይ፣ ምንጭ የምትጠጣ አንዲት ቁራሽ መሬት አለችው፤ ጥምቀት ሲያልፍ ይዘራባታል፣ ግንቦት ሲጋመስ ይነቅላል። ችግሩ፣ መስኖ ያለው ሰው ሁሉ የሚነቅለው ግንቦት ላይ መሆኑ ነው። የቅዳሜ ገበያው በአንድ ጊዜ በቀይ ሥር ይጥለቀለቅና ሻጭ ከገዢ ይበልጣል። ቢሆነኝ ያልተሸጠለትን በአህያ ጭኖ ይመለሳል፣ ቤቱ ጥግ ላይ ይቆልለዋል። ሰኔ ሲገባ ይጨማደዳል፤ ሐምሌ ላይ ይሸታል። ነሐሴ መጥቶ ፍልሰታ ስትያዝ ደግሞ አገሩ ሁሉ የጾም አትክልት ፍለጋ ይወጣል፣ በዚያ ጭቃ ከታች የሚወጣ መኪና የለም። ያኔ ቢሆነኝ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቀይ ሥር አለህ ወይ ለሚሉት ሁሉ የለም ሲል ይውላል።

አምና የበሰበሰውን ለላሟ ሰጣት። ሚስቱ ይማርሽ ቆማ አየች።

"ላሟ እንኳ እያማረጠች ነው" አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ለቢሆነኝ ግን በቃው።

ስለዚህ ዘንድሮ ጥር ላይ፣ ወደ ቀበሌው አዲስ የተመደበችውን የግብርና ባለሙያ ሄዶ ጠየቃት። ልጅ እግር ናት፣ የላስቲክ ቦት ጫማ ታደርጋለች፤ አገሬው "ግብርናዋ" ከማለት ሌላ ስም አያውቅላትም። ስሟን የጠየቃት ቢሆነኝ ብቻ ነበር። ኤልሳቤጥ አለችው።

ኤልሳቤጥ በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ድረስ መጣች። "ጋሽ ቢሆነኝ፣ ሲነቅሉት አይጠቡት" አለችው። "ቅጠሉን በቢላዋ አይቁረጡት። በእጅዎ ጠምዝዘው ያንሱት፣ ሁለት ጣት ያህል አንገት ይተዉለት። ጭራውንም አይንኩት። ከቆሰለ ደሙ ይፈስና ይበሰብሳል። ከዚያ በደረቅ አሸዋ መሐል፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ይደርድሩት።"

"የት ነው የምደረድረው?"

"ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ።"

ቤቱ ምድጃ አለው፣ አይጥም አለው። መሬት ቢቆፈር ደግሞ ክረምት ውኃ ይሞላዋል። ኤልሳቤጥ ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ገደል በጣቷ አመለከተች። ድንጋዩ ቀላ ያለ፣ ለመሮ እሺ የሚል ነው። "እዚያ ቢፈለፍሉስ?" አለች። ቢሆነኝ ሐሳቡ ገባው። ከጎረቤት መሮና መዶሻ ተውሶ በዚያው ሳምንት ጀመረ።

በላስታ ምድር አንድ ሰው መሮና መዶሻ ይዞ ገደል መፈልፈል ሲጀምር፣ የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቀይ ሥር አይደለም። ቢሆነኝ ይህን ማሰብ ነበረበት። አላሰበም።

በመጀመሪያ ያዩት እማሆይ ጥሩሰው ናቸው። ከላይ ካለችው ጎጇቸው በትራቸውን ይዘው ሲወርዱ፣ ቢሆነኝ ከወገቡ በላይ ቀይ አቧራ ለብሶ ከድንጋዩ ውስጥ ወጣ። ቆሙ።

"ምን እየሠራህ ነው ልጄ?"

"የቀይ ሥር ቤት ነው፣ እማሆይ።"

እማሆይ በትራቸውን ተደገፉ። "ቦታውን ማን አሳየህ?"

"ኤልሳቤጥ።"

እማሆይ ቀና ብለው አዩት። "በሕልምህ ነው በእውንህ?"

"በእውኔ ነው እንጂ። በጠዋት መጣች። እዚያ ጋ ቆማ በጣቷ አሳየችኝ።"

"ሌላስ ምን አለችህ?"

"አትጠበው አለችኝ። ከቆሰለ ደሙ ይፈሳል አለች።"

እማሆይ ጥሩሰው አማተቡ። ጠጋ ብለው የተፈለፈለውን ድንጋይ ተሳለሙና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቢሆነኝ፣ መነኩሲቷ ለግብርና ሥራ ይህን ያህል ክብር መስጠታቸው ገረመው። ደስም አለው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሰንበቴው ሰዎች መጡ። ከፊት ቃለሕይወት ነበር፤ የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ እሱ ነው፣ ጉልበቱም ንግግሩም ከባድ የሆነ ሰው። ድጅኖና ዶማ ይዘዋል። ቢሆነኝ ደነገጠ። የቀይ ሥር ቤት እንደሆነ ነገራቸው። ቃለሕይወት "እሺ" አለ። ሌሎቹም እሺ አሉ። የተገለጠለት ሰው የተገለጠለትን በአደባባይ እንደማይናገር ሁሉም ያውቃሉ። ከዚያ ሥራ ጀመሩ።

ነገሩን ለቢሆነኝ የነገረችው ይማርሽ ናት፤ እሷም የሰማችው ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ምንጭ ላይ ነው።

"ቅድስት ኤልሳቤጥ ታየችው እየተባለ ነው" አለችው።

"ለማን?"

"ለአንተ።"

ቢሆነኝ መዶሻውን አስቀመጠ። "ግብርናዋ እኮ ናት።"

"እኔማ አውቃለሁ። ሂድና ንገራቸው።"

ሊነግራቸው ሄደ። ሲደርስ በሩ ላይ የነበረውን ትልቁን ቋጥኝ በድጅኖ ሊያነሱ ከበውታል። ቋጥኙ ለብቻው ቢሆን ወር የሚፈጅበት ነበር። እስኪነሳ ልቆይ አለ። ቋጥኙ ሲነሳ ደግሞ ሰዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ፤ በድካማቸው ላይ እንዲህ ያለ ወሬ መንገር ደስ አላለውም። ለእሑድ አሳደረው። እሑድ ሲደርስ ቀስት ያለው በር ጀምረው ነበር።

እንዲህ እየሆነ ዐቢይ ጾም አለፈ። ዋሻው እየሰፋ ሄደ። መሐል ላይ ምሰሶ ቀረ። ቢሆነኝ "ምሰሶው አሸዋውን ለመደልደል ያስቸግረኛል" ሲል ቃለሕይወት "ምሰሶ ከሌለው ይወድቅብሃል" አለው፤ እውነቱን ነበር። ከሩቅ መንደር ሴቶች ጧፍ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ደፉ ላይ እያበሩ ይሄዳሉ፤ ሰሙ ደንድኖ ቀረ። ይማርሽ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ጠላ ስትጠምቅ ጌሾው አለቀባት። ማታ ማታ ቢሆነኝን ታየዋለች፣ እሱ ግድግዳ ያያል።

ከዋሻው በታች ቀይ ሥሩ ለብቻው አደገ። ቢሆነኝ ያሳሳዋል፣ ያርመዋል፣ ውኃ ያጠጣዋል። ቅጠሉ ሰፊና ደም ሥራም ሆኖ ወጣ። ከሚያልፈው ሰው አንድም ዞር ብሎ ያየው የለም።

ከፋሲካ በኋላ ቄስ ምስጋኑ ራሳቸው መጡ። የአጥቢያው አለቃ ናቸው፤ ሰው ዝም ብሎ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን እንደማይፈለፍል፣ የሀገረ ስብከት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ሊነግሩት ነበር አመጣጣቸው። ውስጡን ዞረው አዩ። ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"ደህና አድርጋችሁ ነው የሠራችሁት" አሉ። "መቅደሱ በየት በኩል ነው?"

ቢሆነኝ ከዚህ በላይ ማሳደር እንደማይችል ገባው። "መቅደስ የለውም አባ። ለቀይ ሥር ነው።" ከዚያ ስለ ላሟ፣ ስለ ግብርናዋ፣ ስለ አሸዋው ሁሉንም ነገራቸው። ቄስ ምስጋኑ ሳያቋርጡ ሰሙት።

"ለሰዎቹ ምን አልካቸው?"

"ቀይ ሥር ነው አልኳቸው።"

"ስለ ኤልሳቤጥስ?"

"ኤልሳቤጥ አሳየችኝ አልኳቸው።"

"ሁለቱም እውነት ነው።"

"አዎ አባ።"

"እሱ ነው ነገሩን ያከበደው" አሉ ቄስ ምስጋኑ። በሩ ላይ ቆመው ቁልቁል ማሳውን አዩ። "ቀይ ሥሩ መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ከሳምንት በኋላ።"

"እንግዲያው በምትነቅልበት ቀን ሰው ሁሉ ባለበት ትነግራቸዋለህ። እኔ ብነግርልህ ያስቀይማል።" እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል አሳልመውት ወረዱ።

የሚነቀልበት ቀን ሲደርስ ሰው ከወትሮው በዝቶ መጣ፤ ቢሆነኝ የሚናገረው አለው የሚል ወሬ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ቢሆነኝ ከወንዝ በአህያ ያመላለሰውን አሸዋ ፀሐይ ላይ አድርቆ አስገብቷል። ንግግሩን ሲያሰላስል ነው ያደረው። ነገር ግን ቀይ ሥሩ ከመሬት መውጣት ሲጀምር ሰዎቹ ራሳቸው ሥራውን ያዙት። ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀም። እሱ ሲያደርግ እንዳዩት ቅጠሉን በእጃቸው እየጠመዘዙ፣ አንገት እየተዉ፣ አንዱንም ሳያቆስሉ በነጠላቸው ተቀብለው ወደ ውስጥ አስገቡት። ጣሪያው ከበስተኋላ ዝቅ ስለሚል ተንበርክከው ነበር የሚደረድሩት። አንድ ድርድር ቀይ ሥር፣ አንድ ድርድር አሸዋ። የሚያወራ አልነበረም። ቢሆነኝ በሕይወቱ እንዲህ ያለ አሰባሰብ አይቶ አያውቅም፤ አፉን ሊከፍት በቃጣ ቁጥር፣ ይቺ ድርድር ትለቅ እያለ ጠበቀ።

በዚህ መሐል ኤልሳቤጥ ቦት ጫማዋን አድርጋ ከታች መጣች። ጎንበስ ብላ ገባች፣ አሸዋውን ዘግና አየች፣ አንድ ቀይ ሥር አውጥታ አገላበጠች።

"ጋሽ ቢሆነኝ" አለች፣ "እንዲህ ያለ ማስቀመጫ የግብርና ጣቢያው ውስጥ እንኳ የለንም። ቦታውን ሳሳይዎት እኔ ትንሽ ጉድጓድ ነበር ያሰብኩት።"

ሥራው ቆመ። እማሆይ ጥሩሰው ከምሰሶው ሥር ተቀምጠው ነበር።

"ስምሽ ማነው ልጄ?" አሉ።

"ኤልሳቤጥ።"

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ እማሆይ። ምነው?"

እማሆይ ከቦት ጫማዋ ጀምረው እስከ ራሷ አዩዋት። "ምንም" አሉ። "ቀጭን ነሽ።"

ቢሆነኝ ንግግሩን ጀመረ፣ ግን የሚሰማው ሰው አላገኘም፤ ሁሉም ገብቶታል። ከሩቅ የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን እያራገፉ ወጡ። ከተጠመዘዘው ቅጠል ነጠላው ላይ የቀረው ቀይ በቀላሉ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም። ቃለሕይወት መጨረሻ ላይ ቀረ። በእጁ የነበረችውን ቀይ ሥር ቦታዋ ላይ አስቀመጠ፣ አሸዋ አለበሳት፣ ከዚያ ቢሆነኝን ወደ ጎን ጠራው።

"ጉልበታችን ለጽድቅ ነበር" አለው።

"አውቃለሁ።"

"ለጽድቅ ካልሆነ ደቦ ነው። ደቦ ደግሞ ይመለሳል።"

ቢሆነኝ አሰበበት። ፍርዱ ትክክል ነበር። "ይመለሳል" አለ።

እናም ሰኔንና ሐምሌን በሰው ማሳ ላይ ከረመ። የቃለሕይወትን ገብስ ዘራ፣ የሌላውን ባቄላ አረመ፣ ያንዱን የፈረሰ እርከን ካበ። ዝናብ ሲመታው ይውላል፣ ሲመሽ ይመለሳል። የራሱን ማሳ ይማርሽ በአቅሟ ሠራችው። የሚያሠሩት ሰዎች ክፉ ቃል አልተናገሩትም፤ ምሳውን አብረውት ይበላሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ስለ ዋሻው ማንም አያነሣም። እሱ ግን ማታ ሲመለስ ወደ ገደሉ ያያል። ጧፍ የሚያበራ የለም፣ የሚሳለም የለም። መቅረቱ እንደሚያሳርፈው አስቦ ነበር። አላሳረፈውም። ደፉ ላይ የደነደነውን ሰም ይማርሽ በቢላዋ ልታነሣ ስትል፣ ተይው አላት። ቢላዋዋን ይዛ ገባች።

እማሆይ ጥሩሰው ብቻ አልቀሩም። ጎጇቸው ያፈሳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር እየወረዱ ምሰሶው ሥር ይቀመጡና ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አንድ ቀን ቢሆነኝ ቀይ ሥሩን ሊያይ ገብቶ አገኛቸው።

"እማሆይ፣ ያው ቀይ ሥር ብቻ ነው ያለው" አላቸው፤ ተሳስተው እንዳይሆን ብሎ ነው።

"አውቃለሁ። አይጥ ገብታ ነበር፣ በበትሬ አባረርኳት" አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ፍልሰታ በገባች በሦስተኛው ቀን ሳሊሕ መጣ። ላሊበላ አትክልት የሚነግድ፣ ለሆቴሎችም የሚያቀርብ ሰው ነው። ባጃጁ ጭቃውን ስላልቻለው ታች ጥሎት፣ በቅሎ ተከራይቶ ነው የወጣው። በደጋው ላይ ነሐሴ ቀይ ሥር አለ ሲሉት አላመነም ነበር። ቢሆነኝ ወደ ዋሻው ወሰደው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቢሆነኝ ጫማውን አወለቀ።

ሳሊሕ አየው። "ማውለቅ አለብኝ?"

"አሸዋ እንዳይገባበት ነው" አለ ቢሆነኝ።

ሳሊሕም አወለቀ። ገቡ። ቢሆነኝ አሸዋውን በእጁ ጠረገና አንድ አወጣ። እንደ ግንቦቱ ጠጣር ነበር። ሳሊሕ በቢላዋ ከፈለው፤ ውስጡ ቀለበት ቀለበት ሆኖ እርጥብ አፈር የሚመስል ሽታ ሰጠ። አንድ ቁራጭ አፉ ውስጥ ጨመረ። ቢሆነኝ በጾም ሰዓት ነበርና አየው እንጂ አልቀመሰም።

"ይሄማ ትናንት የተነቀለ ነው" አለ ሳሊሕ።

"ግንቦት ነው የተነቀለው።"

"እናንተ ደገኞች ትዋሻላችሁ አይባልም።" ጣሪያውን፣ ቀስት ያለውን በር፣ ምሰሶውን አየ። "ለቀይ ሥር ነው ይህን ሁሉ የፈለፈልከው?"

"ለቀይ ሥር ነው" አለ ቢሆነኝ። ይህን ቃል ብቻ ብሎ የታመነበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ሳሊሕ በቅሎዋ የቻለችውን ጭኖ ወረደ፣ በማግስቱም ተመለሰ። ለቃለሕይወትና ለሰንበቴው ሰዎች ቢሆነኝ በየቤታቸው አንድ አንድ ቁና አደረሰላቸው። ተቀበሉት። ቄስ ምስጋኑም ለቤተ ክርስቲያኑ አስቀዳሾች አስወሰዱ።

የቀረውን ይማርሽ ከድንች ጋር ቀቅላ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ አሰናድታ፣ ከቅዳሴ መልስ አቀረበችለት። ነሐሴ ላይ በዚያ ቤት ቀይ ሥር ሲበላ ያ የመጀመሪያው ነው። ቢሆነኝ ጎረሰ፣ አላመጠ። ይማርሽ ጠበቀች።

"ጨው አንሶታል" አለ።

ጨው ጨመረችበት።