ቁልፍ የማያይ መጋዘን

ሰኞ ጠዋት ኮምቦልቻ ውስጥ የቤቱን በር የከፈተ ሰው ሁሉ የገባው ወይዘሮ አሚናት ቤት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወሬው ተጣሞ እየተወራ ስለሆነ እኔው ራሴ ልንገራችሁ።

ጌጡ እባላለሁ፤ የቅጂ መጋዘኑ ቴክኒሻን ነኝ። ከተማችን የሚመጣው ከአዲስ አበባ ዋናው ቢሮ እየተላከ ነው። መንገዱ፣ ገበያው፣ መናኸሪያው ለሁሉም ሰው አንድ ስለሆነ ቅጂውን እኛ መጋዘን እናስቀምጥና የፈለገው ወዲያው ያገኛል። ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። ቤት በተከፈተ ቁጥር አዲስ አበባ ቁልፉን አይታ እውነተኛውን ትልካለች፤ ይህ አስራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቅና እኔን ይሰድባል፤ አዲስ አበባ አትሰማማ!

እሁድ ዕለት ከዋናው ቢሮ ትእዛዝ መጣ፦ ቤትም ከመጋዘን ይሰጥ፣ ቁልፍ ማየት ይቅር። የቀኝ እጄን አመልካች ጣት የመጋዘኑ ማራገቢያ ድሮ ስለቆረጠው ትእዛዙን በመሃል ጣቴ ጻፍኩት። ትንሽ ባስብ ኖሮ ይገባኝ ነበር። በር የሚከፍት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ቤቴን» ነው የሚለው። የማን ቤት እንደሆነ የሚለየው ቁልፉ ብቻ ነው።

ሰኞ ማለዳ መጀመሪያ በር የከፈቱት ከዳቦ ቤት የተመለሱት ወይዘሮ አሚናት ናቸው። መጀመሪያ ስለሆኑና መጋዘኑ ገና የቤት ቅጂ ስላልነበረው እውነተኛው ቤታቸው ከአዲስ አበባ መጣላቸው፤ ቅጂው መጋዘን ቀረ። ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው መድኃኒት ሊገዙ ወጡ። ከዚያ በኋላ በር የከፈተ ሁሉ ያገኘው ያንን ቅጂ ነው፦ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አልጋ። አልጋው ላይ ባላቸው ጋሽ ይማም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

ወይ ጉድ! ጋሽ ይማም ጅቡቲ መስመር ላይ መኪና እንደሚነዱ ነበር የምናውቀው። ለካስ ሁለት ዓመት ሙሉ በልብ ሕመም ተኝተው፣ «ሰው እንዳያየኝ» ብለው ሚስታቸውን አስምለው ኖሯል።

እኛ አገር ደግሞ የታመመ ሰው ይጠየቃል። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ስለ ራሱ ቤት ሳይጨነቅ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አንዱ «እግዜር ይማርዎት» አለ፤ ሌላው «አላህ ያሽርዎት» አለ። አንዳንዱ ብርቱካን ሊገዛ ተመልሶ ወጣ።

አራት ሰዓት ላይ ወይዘሮ አሚናት የመድኃኒት ከረጢት ይዘው መጋዘን መጡ።

«ጌጡ፣ ቤቴ ስገባ ያስቀመጥኩት ዳቦ የለም። ይማምም መድኃኒቱን አልውጥ አለኝ።»

«ቅጂ ስለሆነ ነው፣ እትዬ። ቅጂ አይውጥም፤ ከቦታውም አይነሳም።»

«እውነተኛው ባሌስ የት ነው?»

«እውነተኛው ቤት ውስጥ። በየትኛውም በር ግን ወደዚያ አይገባም።»

«አምስት ሰዓት ላይ መዋጥ አለበት። ካለፈው…» ብለው ከረጢቱን አጥብቀው ያዙ።

አንጀቴን በሉት። ዋናው ቢሮ ደወልኩ። ኢንጂነር ሶስና አነሱት።

«ዛሬ ፍጥነታችሁ ግሩም ነው» አሉኝ።

«ቁልፍ ማየቱ ይመለስልን። ሰው ሊሞት ነው።»

«ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ። ቅጂውን ግን ማጥፋት ትችላለህ።»

ቅጂው ሲጠፋ ቀድሞ በር የከፈተ ሰው እውነተኛ ቤቱን ያገኛል፤ ሌላው ሁሉ ደግሞ የዚያን ቤት ቅጂ። ይህን ለወይዘሮ አሚናት ነገርኳቸው። «ሌላ ሰው ከቀደመዎት አለቀልን። ከቀደሙም ከተማው እንደገና ያያችኋል» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሁለት ዓመት የደበቁት ነገር ነው።

«ይየው» አሉ።

ሄደው ቁልፉን በሩ ውስጥ ከተው ደወሉልኝ። አምስት ሰዓት ሊሆን አስራ አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው። በስልክ አብረን ቆጠርን፤ ሦስት ስንል እኔ አጠፋሁ፣ እሳቸው አዞሩ። አስራ አንዱ ደቂቃ አልፎ በሩ ሲከፈት ስልኩ ውስጥ «ውይ!» ሲሉ ሰማሁና መስመሩ ተቋረጠ።

ቤቴ ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። ሮጬ በሬን ከፈትኩ። ጋሽ ይማም አልጋው ላይ የሉም። ወለሉ ላይ ወድቀዋል፤ ፊታቸው ወደ እኔ ዞሯል፣ እጃቸው ወደ በሩ ተዘርግቷል።

ቅጂ እንደማይነሳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ጎንበስ ብዬ ብብታቸው ስር ያዝኳቸው። ፍንክች አላሉም። ከጎረቤት «አይዞዎት!» ሲባል ይሰማል፤ ከማዶ «በዚያ በኩል ያዝ!» ይላሉ። ከተማው ሁሉ በየቤቱ ጎንበስ ብሎ አንድ ሰው ያነሳ ነበር። አላፍርም፤ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ቁልፍ ማየቱን የሚመልሰው ትእዛዝ ተፈረመ። ሰው ወደየቤቱ ገባ፤ አስራ አንድ ደቂቃውም ስድቡም ተመለሰ። እኔ ብርቱካን ይዤ ወይዘሮ አሚናት ቤት ሄድኩና አንኳኳሁ።

ጋሽ ይማም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል።

«ስንት ነበራችሁ?» አሉኝ።

«አልቆጠርንም፣ ጋሼ።»

«ትናንት ሳነሳው ምንም አልከበደኝም» አሉ ወይዘሮ አሚናት። «ዛሬ ትራሱ ላይ ለማስደገፍ እንኳ አቅቶኝ ነበር።»

ከዚያ የባላቸውን ሸሚዝ ገልጠው አሳዩኝ። ከክንዳቸው እስከ ወገባቸው የእጅ አሻራ ነው፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ። ብብታቸው ስር ያለው የቀኝ እጅ አመልካች ጣት አልነበረውም።