ድንበሩን በቀን

ሰሀር አትላንታ አጠገብ ታከር የሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ላፕቶፗን ከፍታ የስምንት ቀኑን ጉዞ ለአባቷ ለሙሀመድሰዒድ እያሳየች ነው። ሚላን ላይ መኪና ይከራዩና በኦስትሪያ አልፈው ጀርመን ይገባሉ። እሱ ግን መኪናውንም ሆቴሉንም ልብ አላለም። ጣቱ ካርታው ላይ ካለው የጣሊያንና የኦስትሪያ ድንበር ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«እዚህ ጋ በስንት ሰዓት ነው የምንደርሰው?»

«ማታ አራት ሰዓት። ትራፊክ አይኖርም።»

«በቀን አድርጊው።»

ይህን ሲላት ዛሬ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የአትላንታን ሃይዌይ ያለ ስጋት የነዳ ሰው፣ ትኬቱ ከተቆረጠ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። ፓስፖርት እያለው የዜግነት ሰርተፊኬቱን፣ የታክስ ወረቀቱን፣ የመብራት ቢሉን ሳይቀር አንድ ፎልደር ውስጥ አጭቆ ከእጁ አይለየውም። ድሮ ጀርመን ሁለት ዓመት መኖሩን ታውቃለች፤ እንዴት እንደገባ ግን አንድም ቀን አንስቶላት አያውቅም።

«አባ፣ አንተ እኮ አሜሪካዊ ነህ። ማንም ምንም አይልህም። ካስፈራህ ግን ኦኬ፣ ካንስል ላድርገው።»

«ካንስል አታድርጊው።» ፎልደሩን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። ድምፁ ዝቅ አለ።

«በዚያ መንገድ አንድ ጊዜ አልፌያለሁ፤ በጭነት መኪና፣ የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሮብኝ። ተራራው ያምራል ሲሉ እሰማለሁ።»