የባባ ላሲሲ የውሃ ጉድጓድ

ሞሬኒኬ በጤና ተቆጣጣሪነት ሙሺን ሰፈር የተመደበችው ሌጎስ ወደ ዳር እየሰፋች፣ ትናንት እርሻ የነበረው ሁሉ የቆርቆሮ ቤት ይበቅልበት በጀመረበት ዘመን ነው። ቤት ለቤት እየዞረ ጓዳና ሽንት ቤት የሚፈትሸውን የጤና ተቆጣጣሪ ሰፈርተኛው «ወሌ-ወሌ» ይለዋል። እሱ ብቅ ካለ፣ ውሃው ትል ተገኘበት እንዳይባል እንስራ ይደበቃል፤ በር ይቀረቀራል። ሴት ወሌ-ወሌ ግን ከሞሬኒኬ በፊት ታይታ አታውቅም።

«ምነው፣ ባል አጥታ ነው የሰው ሽንት ቤት የምትዞረው?» አለች መንገድ ዳር አካራ የሚባለውን የአደንጓሬ ጥብስ የምትሸጠው ኢያ ሲኪራ፣ እንድትሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ።

«ባልማ አለኝ። አካራም ነፍሱ ነው፤ ዝንብ ካልቀመሰው» አለቻት ሞሬኒኬ።

አካራ ሊገዙ የቆሙት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ኢያ ሲኪራም አብራ ሳቀች፤ ሳትወድ በግድ አካራዋን በጨርቅ ሸፈነች።

ክረምቱ ሲገባ የአንጀት ተስቦ ሰፈሩን መታው። ሞሬኒኬ በሽተኛ ያለበትን ቤት ሁሉ ስትጠያይቅ ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ፤ ከባባ ላሲሲ ጉድጓድ። ባባ ላሲሲ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉድጓዱን በገዛ እጃቸው ቆፍረው ማንንም ከልክለው አያውቁም። ክብራቸው እሱ ነበር።

ሞሬኒኬ እንደ አገሩ ወግ ተንበርክካ ሰላምታ ሰጠችና፣ «ባባ፣ ጉድጓዱ መዘጋት አለበት» አለቻቸው።

«ውሃዬ መርዝ ነው ልትይኝ ነው?»

«ውሃው ምን አጠፋ! ለተከራዮችዎ ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ ያሠሩት ሽንት ቤት ነው እየሰረገ የሚገባበት።»

«አንቺ መሬት ውስጥ ገብተሽ አይተሻል?»

«እርስዎም እንዲያዩት አደርጋለሁ።»

ከቢሮዋ አረንጓዴ ቀለም አመጣችና ሰዉ ሁሉ እያየ ሽንት ቤቱ ውስጥ ደፋችው። «ይኼ ቀለም ጉድጓዱ ውስጥ ከታየ ሽንት ቤቱ ይሰርጋል ማለት ነው» አለች። እስከዚያው ውሃውን ሳያፈሉ እንዳይጠጡ አጥብቃ ነገረቻቸው። በማግስቱ ውሃው ኩልል ያለ ነበር። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

«ሽንት ቤቱን እንደ አዲሬ ጨርቅ ቀለም ነክራው ሄደች!» እያሉ ሰፈርተኞቹ ሳቁባት።

ሞሬኒኬ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጣች በብርጭቆ ትቀዳለች፤ ወደ ፀሐይ አንስታ ታየዋለች። «ዝናቡ ይጠንክርና ቀለሙን ያውርደው፤ ያኔ እንተያያለን» ትላለች። የሠራችውን ታውቃለች።

ዝናቡ ጠነከረ። በነጋታው ባልዲውን የሳቡት ባባ ላሲሲ ራሳቸው ነበሩ። ውሃው እንደ ሣር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ሰዉ ተሰበሰበ፤ የሚስቅ ግን ጠፋ።

«የልጅ ልጄ ሞሪያሙ ሆስፒታል የተኛችው... ይኼን ጠጥታ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

ሞሬኒኬ ይህን ቀን ስትጠብቀው ነበር። አሁን ግን ማሸነፏ አላስደሰታትም። «አዎ፣ ባባ። ግን አላወቁም ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከዚያ ብድግ ብለው የሽንት ቤቱን በር ከነማጠፊያው ነቀሉና በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ባለው እንጨት ላይ በምስማር ቸነከሩት። ቀና ብለው፣ «አዲሱን የት ልቆፍር? አሳዪኝ» አሏት።

ሞሬኒኬ ከፍ ያለውን ቦታ መረጠች። የሰፈሩ ወንዶች ቆፈሩ፤ በሲሚንቶ ገነቡት፤ ክዳን አበጁለት። ሽንት ቤቱ በኖራና በአፈር ተደፈነ፤ ሌላ ሽንት ቤት ከጉድጓዱ በታች በኩል ተሠራ። ሞሪያሙም ድና ከሆስፒታል ወጣች። ከሲታ ብትሆንም አካራ አምጡልኝ እያለች ቤቱን አመሰችው።

ከሰነበተ በኋላ ሞሬኒኬ ወደሚቀጥለው መንደር ስትዘልቅ ጩኸት ሰማች። ባባ ላሲሲ ከዘራቸውን እየሰበቁ አንድ የቤት ባለቤት ደጅ ቆመዋል።

«ከላይ ሽንት ቤት እየቆፈርክ ከታች ያለውን ሕዝብ ልትፈጅ ነው? ድፈነው ብዬሃለሁ!»

ሰውየው ሞሬኒኬን ሲያይ እፎይ አለ። «እመቤቴ፣ ኧረ እኚህን ሽማግሌ ገላግሉኝ!»

«ከሳቸው ጋር ቢስማሙ ይሻልዎታል» አለች እየሳቀች። «እኔ ከገባሁበት ግን መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው።»

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ከዘራውን አየና አካፋውን ሊያመጣ ወደ ጓሮ ገባ።