አሥራ አምስተኛው ማመልከቻ

ሮዌና በጄኔራል ሳንቶስ ከተማ በአንድ የቱና ማሸጊያ ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ዓሣ ስታጸዳ ኖራለች። ፋብሪካው ሲዘጋ አርባ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ማመልከቻ አስገብታ ከአንዱም መልስ አላገኘችም። ደብዳቤውን ኮምፒውተር ቤት አስጽፋው ነበር፤ የሚቀየረው የድርጅቱ ስም ብቻ ነው።

አንድ እሑድ የባሏ ታላቅ እህት ዴልፊና ልትጠይቃት መጣች። ዴልፊና ዕድሜዋን በሠራተኛ ቅጥር ክፍል የጨረሰች ጡረተኛ ናት። አንድ አዲስ ዓሣ ላኪ ድርጅት ጥራት ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ሰምታለች። የሮዌናን ደብዳቤ ተቀብላ ሁለት መስመር እንዳነበበች መለሰችላት።

«ታታሪና ታማኝ ነኝ ትያለሽ። ሰነፍና ሌባ ነኝ ብሎ የሚያመለክት አለ እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልበል እትዬ? ዲግሪ የለኝ።»

«የሌለሽንማ እነሱም ያዩታል። አንቺ ባትኖሪ እዚያ ፋብሪካ ምን ይበላሽ ነበር?»

ሮዌና ትንሽ አሰበችና አንድ ቀን የሆነውን ነገረቻት። ስታጸዳው የነበረው የበሰለ የዓሣ ሥጋ ውስጡ የማር እንጀራ መስሎ ተበሳስቶ አይታ ሥራውን አስቆመች። አለቃዋ በሰው ፊት ሰደባት። ቤተ ሙከራው ግን ዓሣው በረዶ ሳይነካው ውሎ መበላሸቱን አረጋገጠ። ያመሰገናት አልነበረም፤ እሷም ለማንም አውርታው አታውቅም።

ዴልፊና ከዚሁ እንድትጀምር ነገረቻት።

መጻፉ ሦስት ቀን ፈጀባት። መጀመሪያ በአለቃዋ ላይ የቀረበ ክስ ሆነና ቀደደችው፤ ሁለተኛው አራት ገጽ ሆነ። በመጨረሻ ያየችውን፣ ያደረገችውንና የተገኘውን ውጤት በግማሽ ገጽ ጨረሰች። ድርጅቱ ትኩስ ቱና ወደ ጃፓን ስለሚልክ፣ የሰነበተ ዓሣ በእጇ ዳስሳ እንደምትለይ ጨመረችበት። ዲግሪ እንደሌላትም ራሷ ጻፈች፤ ካላመኗት እንዲፈትኗት ጠየቀች።

በሳምንቱ ተጠራች። ኃላፊው ሬናንቴ አራት ቱና አስደርድሮ የማይላከው የትኛው እንደሆነ ጠየቃት። ሮዌና ስንጥባቸውን ገልጣ አሸተተች፣ ሆዳቸውን ዳሰሰች፣ ሦስተኛውን ወደ ጎን ገፋችው።

«ሁለተኛውስ? ቀለሙ አላማረኝም።»

«እሱ ደህና ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ነኝ።»

ሬናንቴ የማይላከው ሦስተኛው ብቻ መሆኑን አረጋገጠላት። ሆኖም የተቆጣጣሪነቱ ቦታ ለባለዲግሪ ተሰጠ። እሷን በረዳትነት፣ በሦስት ወር ሙከራ ሊቀጥሯት ፈለጉ። ቅር አላት፤ ግን ተነሥታ አልወጣችም። ከሦስት ወር በኋላ ሥራዋ ተገምግሞ ለተቆጣጣሪነት መወዳደር እንደምትችል ውሉ ላይ እንዲሰፍር ጠየቀች። ሬናንቴ ጥቂት አመነታና በእጁ ጻፈበት። ሮዌና የጻፈውን ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች፤ በማግሥቱም ሥራ ገባች።