የታችኞቹ ሚስማሮች

«ጋሽ ገሠሠ፣ የእድሩ ጭልፋ ተሰብሯል። የቤቱ የት ነው የሚቀመጠው?»

ዙፋን ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ጠየቀች። ጎረቤት ናት፤ የእድሩ ሴቶች ደግሞ ያለ እሷ ፈቃድ ድስት አይጥዱም። ገሠሠ መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ላይ ጋቢውን እንደተከናነበ ቀና ብሎ አያት። ሚስቱን በዛወርቅን የቀበራት ትናንት ነው።

«እኔ የማድ ቤት ነገር ምኑን አውቄ» አላት።

ያውቅ ነበር። ከበሩ ኋላ፣ በወገብ ልክ፣ ከግራ ሁለተኛው ሚስማር ላይ። ግን ወንድ ልጅ፣ ያውም ጡረታ የወጣ የቢሮ ጸሐፊ፣ የጭልፋ መስቀያ አላውቅም ቢል ማን ይጠረጥረዋል? ዙፋንም አልጠረጠረችውም። ተመልሳ ገብታ ግድግዳውን ከላይ ከላይ ስትፈልግ ቆየች።

ትንሽ ቆይቶ ከማድ ቤቱ የሴቶች ሹክሹክታ መጣ። የሚያወሩት በካፊኖኖ ነው። ገሠሠ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ቦንጋ ሲገባ ከቋንቋው አንዲት ቃል አያውቅም ነበር፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር በዛወርቅ አስተምራዋለች። ሴቶቹ ግን ይህን ይረሱታል። አንዷ ከበሩ ኋላ አገኘሁት አለች፤ ቢላውም፣ ወንፊቱም፣ ማማሰያውም እዚሁ ታች ነው። ሌላይቱ፣ ዕቃ እንዲህ ዝቅ አድርጎ የሚሰቅል ሰው አይቼ አላውቅም፣ ሕፃን የምታሠራ ነው የሚመስለው አለች። ዙፋን ቆጣ ብላ ዝም አሰኘቻቸው።

ደግነቱ ልጁ ወንጌላዊት ድንኳን ውስጥ ነበረች። ወንጌላዊት ቢታ ገነት ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የእናቷን መታመም የሰማችው የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ሕመሙ ከእጅ ካመለጠ በኋላ ነው። ጅማ ወስደዋት ሐኪሙ የጡት ካንሰር መሆኑን፣ ወደ ብብት ከተሻገረ መክረሙን ነገራቸው። «ዓመት ቀደም ብትሉ ኖሮ» ብሎ የጀመረውን አልጨረሰውም። ወንጌላዊት ያን ዕለት ማታ አባቷን አንድ ነገር ጠየቀችው።

«አባዬ፣ አንተ ምንም አላየህም?»

«ምንም። ደብቃን እኮ ነው።»

አመነችው። ለለቀስተኛው ሁሉ ያንኑ ትመልሳለች፤ ደብቃን ነው፣ ደብቃን ነው። ለገሠሠ በዚህ ዓለም የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እነዚያን ሚስማሮች አይታ እውነቱን ከደረሰችበት ሁለተኛ አባዬ ብላ እንደማትጠራው እርግጠኛ ነበር። በሐዘኑ ላይ ይህ ፍርሃት ተጨምሮበት ሚስቱን እንኳ በቅጡ ማልቀስ አቃተው።

በዛወርቅ ለዕቃ ያላት ፍቅር ለጉድ ነበር። በተጋቡ ዓመት ሺሺንዳ ገበያ ይዛው ሄዳ፣ የእንጨት ዕቃ ሻጩ ፊት ቁጢጥ ብላ ጭልፋ ስትመርጥ ግማሽ ቀን ፈጀች። አንዱን ታነሳና ባዶውን አየር ታማስላለች፤ ከሌለ ድስት ትጨልፋለች፤ ወደሌለ ሳህን ትገለብጣለች። ገበያተኛው ከቧቸው ይስቃል። ገሠሠን ኀፍረት ሊገድለው ደረሰ።

«ጭልፋ አይደል እንዴ? አንዱን ያዢና እንሂድ።»

«አንተ እስክሪብቶ ስትገዛ ሳትሞክረው ትገዛለህ?» አለችው። «መጀመሪያ እጄ ይወቀው።»

የዋንዛ ጭልፋ መረጠች። ኋላ ልጇ በመጀመሪያ ደሞዟ ከጅማ የሚያብረቀርቅ የብረት ጭልፋና ቢላ በካርቶን ገዝታ ብታመጣላት፣ መርቃ ተቀብላ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። የምትሠራው በዋንዛው ጭልፋ፣ ተስሎ ተስሎ በቀጠነው አሮጌ ቢላዋና በትልቁ ብረት ድስት ነበር። ያን ድስት ሌላ ሴት በሁለት እጅ እያቃሰተች ታነሳዋለች፤ እሷ በአንድ እጇ አንጠልጥላ ከእሳት ታወርደዋለች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጠንቶ ድንኳን ውስጥ የነበሩት ወንዶች ወደ ቤት ገቡ። ስለ ምርጫው በለሆሳስ የጀመሩትን ወሬ የእድሩ ዳኛ ቢሻው ጉሮሮውን ጠራርጎ አስቆማቸው። ቢሻው የገሠሠ የቢሮ ባልደረባ ነበር፤ ሐዘንተኛ ማጫወት ይችልበታል።

«በዛወርቅ እኮ ቀልድ ታውቅ ነበር» ብሎ ጀመረ። «ያቺን ትንሽ ድስት ከዋጫ ገበያ ገዝታ የመጣች ቀን ትዝ ይልሃል ገሠሠ? ‹አሮጊቷ እቃቃ ልትጫወት ነው› ብለህ በሳቅ የገደልከን? እሷም አብራን ሳቀች እኮ።»

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። ወንጌላዊት የቆሎ ሳህን ይዛ እያዞረች ነበር፤ ባለችበት ቆመች።

«መቼ ነው ይሄ ጋሽ ቢሻው?»

«ዓምና፣ መስቀል ሰሞን።»

«ትልቁ ድስትስ?»

«እሱንማ ከበደኝ ብላ ለእድሩ ሰጠችው። ዛሬ ወጡ የተሠራበት እሱ አይደል?»

ወንጌላዊት ሳህኑን አስቀምጣ ማድ ቤት ገባች። ገሠሠ ከፍራሹ ላይ ሆኖ የእግሯን ኮቴ አደመጠ፤ ከበሩ ኋላ ሲደርስ ቆመ። ተመልሳ የቆሎውን ሳህን አንስታ ማዞሯን ቀጠለች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ግን ለለቀስተኛ ደብቃን ነው ማለቷን ተወች፤ አባዬ ብላም አልጠራችውም።

ከድስቷ በኋላ ሽንኩርቱ ነበር። ድሮ አድቅቃ የምትከትፈው ሽንኩርት እየተጎረደ ወጥ ውስጥ ይዋኝ ጀመር። «ለሰው ነው ለበሬ የከተፍሽው?» ብሏታል። የቢላዋው እጀታ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ አይቷል፤ ያበጠ እጅ ቀጭን እጀታ መጨበጥ እንደሚያቅተው አላሰበም። ፀሐይ በወጣበት ቀን ሹራቧን አላወልቅም ስትል አይቷል፤ የቦንጋ ፀሐይ ምን ይታመናል ብሎ አለፈው። ጥር ላይ አንድ ቀን መዶሻና ሚስማር ይዛ መጣች።

«ገሤ፣ እስቲ እነዚህን ምታልኝ። የዕቃ መስቀያው ራቀኝ።»

«ዕድሜሽን ሙሉ የሰቀልሽበት ዛሬ ራቀሽ?»

«አጠርኩ መሰለኝ» አለች እየሳቀች። ግድግዳው አጠገብ ቆማ ቀኝ ክርኗን ጎኗ ላይ አጣበቀችና መዳፏን ብቻ ወደ ፊት ዘረጋች። «እጄ ባለበት ምታው። ከዚህ ከፍ እንዳይል።»

አምስት ሚስማር መታላት፤ ዕቃዋን እሱ ፊት ሰቃቀለችባቸው። ክርኗ ከጎኗ አለመላቀቁን አይቷል። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ማለቱንም አይቷል። ዝም ያለው ክፉ ሰው ስለሆነ አልነበረም፤ የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ነው።

በማግስቱ ሰልስት ሆነ። ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀማምሶ፣ አጽናንቶ ተበተነ። ድንኳኑ ፈረሰ፤ የእድሩ ዕቃ ጋሪ ላይ ተጫነ፤ ትልቁ ብረት ድስትም አብሮ ሄደ። ዙፋን እስከ መጨረሻው ቆይታ ማድ ቤቱን አጸዳችለት።

«ዕቃውን ሁሉ እንደ ሰው ቤት ከፍ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ ጋሽ ገሠሠ። እዚያ ታች የአይጥ መጫወቻ ነው የሚሆነው» አለችው ነጠላዋን እያጣፋች። ከልቧ ነው፤ ለጓደኛዋ ቤት ያሰበችው ደግ ነገር ነው።

ገሠሠ ሸኝቷት ሲመለስ ወደ ፍራሹ አልሄደም። ሚስማሮቹን ከመታበት ቀን ወዲህ ማድ ቤት ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ገባ። ወንጌላዊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ቢላዋ ጭኗ ላይ ይዛለች። ጨርቁ አሁንም እጀታው ላይ ነው። ዕቃው እንዳለ ከጣሪያው ሥር ተደርድሯል፤ ከበሩ ኋላ አምስቱ ሚስማሮች ባዶአቸውን ቀርተዋል።

«እነዚህን ማን መታቸው?» አለችው ቀና ሳትል።

ማምለጫ ነበረው። ራሷ ናት ቢል፣ አናጺ አምጥታ ነው ቢል ማን ይመሰክርበታል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጥር ላይ። ክንዷን ማንሳት አቅቷት ነበር። አይቻለሁ።»

«አይተህ ለምን አልጠየቅካትም?»

«ምሳ ርቦኝ ነበር።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ እንባው መጣ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አልመጣ ያለው። በሩን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ወንጌላዊት አላባበለችውም። ቢላዋውን በሁለት እጇ ይዛ እስኪበቃው ጠበቀችው።

«እኔ ለፋሲካ መጥቼ ነበር» አለች ኋላ። «ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። አንቺ እንግዳ ነሽ ብላ ማድ ቤት አላስገባችኝም። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ስስማት ቀኝ እጇን አልሰጠችኝም። ነርስ ነኝ እኮ አባዬ።»

ይቅር አላለችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። ተነስታ ቢላዋውን ዳር ካለው ታችኛው ሚስማር ላይ ራሷ ሰቀለችው። ከዚያ ቀኝ ክንዷን ወደ ላይ ዘርግታ ወንፊቱን አወረደችና ሰጠችው፤ ሰቀለው። ማማሰያውን አወረደች፤ ሰቀለው። በመጨረሻ የዋንዛውን ጭልፋ ሰጠችው።

ገሠሠ ጭልፋውን ተቀበለ። ከበዛወርቅ በጣም ይረዝም ስለነበር ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ በቁመቷ ልክ ዝቅ አለ። ቀኝ ክርኑን ጎኑ ላይ አጣበቀ፤ ክንዱን ሳያነሳ መዳፉን ብቻ ወደ ፊት ዘረጋና ጭልፋውን ከግራ ሁለተኛው ሚስማር ላይ ሰቀለው። እጁ ልክ ደረሰ።